ፏፏቴ፣ ገንዳና ዋሻ፦ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ በመሪ ስለሚደረግ ጉዞ

ወደ ተፈጥሮ የውኃ ገንዳ፣ ወደ ዋሻና ወደ ደጋ ሐይቅ በመሪ የሚደረግ ጉዞ በብዙ አገር የታወቀ መልክ አለው፤ ጎብኚው ረግቶ ወደተኛ ውኃ ይወሰዳል፣ በዳርቻው ያርፋል፣ ብርዱን ከደፈረ ይዋኛል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ወደ ማደሪያው ይመለሳል። ይህንኑ መልክ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ የሚፈልግ ሰው ግን እንዳሰበው አይቀናውም፤ ስሜን ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ሲያረሰርሰው የሚከርም፣ ምንጩና ጅረቱ የበዛ አገር ሆኖ ሳለ ስሙ የሚጠራ ሐይቅ የለውም። ውኃው የሚገኘው ከአፋፍ ሲወረወር፣ ከገደል ሥር ለጥቂት ጊዜ ሲጠራቀም፣ ከዚያም አምልጦ ወደ ተከዜ ሲገሰግስ ነው። በዚህ አገር ጎብኚን ወደ ውኃ መምራት ማለት የማይቆምን ነገር በወቅቱና በሰዓቱ መያዝ በመሆኑ፣ የመሪው ሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ውኃ ማወቅ ነው፤ ይህ ዲስኩርም የሚመለከተው ይህንኑ ዕውቀትና ዕውቀቱ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ነው።

ሐይቅ ያልኖረበት ምክንያት አለው። ሐይቅ የሚፈጠረው ውኃ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ መሬትና መውጫውን የሚገድብ ነገር ሲገናኙ ነው፤ ጣና የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ መውጫውን ስለገደበው ተንጣሎ ቀርቷል፣ በአዊ፣ በእንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ደግሞ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ቦርቡሮ በተወው ክብ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል። በባሌ ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ 3,950 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ገርባ ጉራቻ የጥንት የበረዶ ግግር፣ ማለትም ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ እየተደራረበ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል የሚንሸራተት በረዶ፣ መሬቱን ፍቆ የሠራው ነው። ስሜንም በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በራስ ደጀንና በቧሂት አናት ላይ እንዲህ ያለ ግግር ነበረው፤ ግግሩ ገፍቶ የከመረው የድንጋይና የአፈር ክምር ዛሬም በከፍታው ላይ ይታያል። ይሁን እንጂ የባሌው ሳነቴ ሰፊ ሜዳ ሲሆን፣ የስሜን አናት በየአቅጣጫው ወደ ገደል የሚያዘነብል በመሆኑና ወንዞቹም መሬቱን ጠልቀው ስለሚቆርጡት፣ ውኃ ረግቶ የሚተኛበት ስፍራ እምብዛም አልተረፈም።

የስሜን ገደል የተሠራበትን መንገድ ያልተረዳ ሰው ገንዳውንም ሆነ ዋሻውን ሊረዳ አይችልም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየገነፈለ በየጊዜው የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ባዛልት የሚባለው ጠንካራና ጠቆር ያለ ድንጋይ ሆኖ፣ አንዱ ፈሳሽ በሌላው ላይ እንደ ተደራረበ እንጀራ እየተነባበረ በሺህ ሜትር የሚቆጠር ውፍረት አበጀ። በአንዱ ፍሰትና በሚቀጥለው መካከል ግን ረዥም ዕረፍት ይኖር ስለነበር፣ በዚያ ዕረፍት የወረደው አመድና የበሰበሰው አፈር ኋላ በመጣው ግለት ተጠብሶ ቀላ ያለ ስስ ንብብር ሆኖ ቀረ። ከሊማሊሞ መንገድ ወይም ከሳንቃበር አፋፍ ሆኖ ገደሉን በጥንቃቄ የሚያይ ሰው፣ ጥቁሩ ግድግዳ በቀይ መስመሮች የተከፋፈለ መሆኑን ሊያስተውል ይችላል። ጥቁሩ ውኃን ይቋቋማል፣ ቀዩ ግን በቀላሉ ይበላል።

ጅረት በጠንካራው ንብብር ጠርዝ ላይ ደርሶ ሲወረወር፣ ወድቆ የሚረጨው ውኃና እርጥበቱ ከሥር ያለውን ለስላሳ ንብብር እየሸረሸረ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የላይኛው ጠንካራ ድንጋይ ግን ለጊዜው ስለሚጸና፣ እንደ ቤት ክፈፍ ወደ ፊት ወጥቶ ይንጠለጠላል። ውኃው የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ በራሱ በውኃውና በሚያሽከረክራቸው ድንጋዮች እየተፈተፈተ ይጎደጉዳል፣ ገንዳም ይሆናል። ስለዚህ ፏፏቴው፣ ከሥሩ ያለው ገንዳና ከጀርባው ያለው ዋሻ የአንድ ሥራ ውጤቶች ናቸው፤ አንዱን ያገኘ ሌላውን በአቅራቢያው ቢፈልግ ብዙ ጊዜ አያጣም። ይህ ሥራ ደግሞ አላለቀም። የተንጠለጠለው ክፈፍ ክብደቱ ከጥንካሬው ሲበልጥ ይናዳል፣ ፏፏቴውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በገንዳው ዙሪያ የሚታየው ትላልቅ ቋጥኝ ከዚህ የመጣ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ውኃ ሲያጋግረው ስንጥቁ ይሰፋል፣ ጠዋት ፀሐይ ስታሞቀውም ጠጠርና ድንጋይ ይለቀቃል። ይህን የሚያውቅ መሪ እንግዶቹን ከክፈፉ ሥር ፎቶግራፍ እንዲነሡ አያቆማቸውም፤ ገንዳውን ከጎን፣ ከተቻለም ራቅ ካለ ደረቅ ድንጋይ ላይ ሆነው እንዲያዩ ያደርጋል።

ዋሻን በሚመለከት የስሜን ጎብኚ ሌላ ነገር እንዳይጠብቅ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በባሌ የሚገኘው ሶፍ ዑመር በወይብ ወንዝ የተቦረቦረ፣ መተላለፊያው ሁሉ ሲቆጠር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ሲሆን፣ እንዲህ ሊረዝም የቻለው ድንጋዩ ኖራ ስለሆነና ኖራ ድንጋይ በውኃ ስለሚሟሟ ነው። ባዛልት ግን አይሟሟም። በመሆኑም የስሜንና የአካባቢው ዋሻ አፉ ሰፊ፣ ጥልቀቱ አጭር፣ መብራት ሳይፈልግ ብርሃን የሚደርሰው መጠለያ ነው። እንዲህ መሆኑ ዋጋውን አያሳንሰውም፤ በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሰፊ የባዛልት ዋሻ ውስጥ የታነጸ ሲሆን፣ ለዘመናት ዝናብና ፀሐይ ሳይነካው የቆየው በዚሁ ክፈፍ ምክንያት ነው። በስሜን ግርጌ የሚገኙት ትናንሾቹ ዋሻዎች የእረኛ፣ የመናኝና በክፉ ዘመን የሽፍታና የአርበኛ መጠለያ ሲሆኑ ኖረዋል። እንዲህ ያለውን ዋሻ በቅርበት ማየት የራሱ ትምህርት አለው፦ ጣራው በጭስ ጠቁሯል፣ ወለሉ የበግና የፍየል በጠጥ ከአመድ ጋር ተቀላቅሎ የተረገጠ ልስልስ ደለል ነው፣ ከአፉ ላይ ደግሞ ከክፈፉ የሚንጠባጠበው ውኃ መሬቱን በነጥብ በነጥብ ቆፍሮ አንድ መስመር አስምሯል። ከዚያ መስመር ወደ ውስጥ ያለው ደረቅ ነው፣ ወደ ውጭ ያለው እርጥብ፤ እረኛ ቁርበቱን የሚዘረጋው መስመሩን አይቶ ነው።

የስሜን ውኃ ትልቁ ማከማቻ ገንዳ ሳይሆን ሣር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው በግጭ አምባ፣ ጓሳ የሚባለው ጠንካራ ሣር፣ ረዥሙ ጅብራና ዝቅ ብሎም አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ መሬቱን ሸፍነው፣ የክረምቱን ዝናብ ከሥራቸው ባለው ጥቁር አፈር ውስጥ አምቀው ይይዛሉ፣ በበጋም ጥቂት በጥቂት ይለቁታል። የአስታ ቅጠል ከቆላ የሚወጣውን ጉም እያበጠረ ጤዛውን ወደ መሬት ያወርዳል። ከዚህ አምባ የሚሰበሰበው ጅንባር ወንዝ ከሳንቃበር አልፎ ካለው አፋፍ 500 ሜትር ገደማ ወደ ግጭ ገደል የሚወረወር ሲሆን፣ በመስከረምና በጥቅምት ድምፁ ከመልኩ አስቀድሞ ይሰማል፤ በሚያዝያ ግን ነፋስ የሚያወዛውዘው ስስ ክር ሆኖ ይታያል። ስለሆነም በሚያዝያ ወር ፏፏቴ አሳያለሁ ብሎ እንግዳ የሚቀበል ድርጅት ማታለሉ ነው። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ቃጠሎ ተነሥቶ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት ማጥፋት ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ጓሳውንና አስታውን ሲበላ ብዙዎች ያዘኑት ለአውሬው ነበር፤ የተቃጠለው ግን የጅንባር በጋም ጭምር ነው።

ከግጭ ወደ ምሥራቅ እሜት ጎጎን፣ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለውን አምባ፣ ከዚያም ጨነቅን አልፎ ወደ ራስ ደጀን የሚሄድ መንገደኛ የቧሂትን ትከሻ ከተሻገረ በኋላ ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል። ይህ መውረድ ከ4,200 ሜትር ገደማ እስከ 2,800 ሜትር ገደማ ድረስ የሚያወርድ በመሆኑ በአንድ ቀን ውስጥ ውርጭ ከሚባለው ከፍታ ወደ ደጋ መግባት ማለት ሲሆን፣ የደከመ እግር መሸሃ ዳር ሲደርስ ከጫማው የሚወጣው ሳይነገረው ነው። የተፈጥሮ ገንዳ ለሚፈልግ ሰው ከጅንባር ይልቅ መሸሃ ይሻላል፤ ጅንባር የሚታይ ነው፣ መሸሃ የሚነካ። ሁለቱም ውለው አድረው ተከዜን ይቀላቀላሉ፣ ተከዜም ሱዳን ገብቶ አትባራን፣ በእርሱም በኩል አባይን ያገኛል።

በዚህ አገር መንገድ መሪ አዲስ ሙያ አይደለም። ኮስማስ የተባለው መንገደኛ በ6ኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ላይ ገልብጦ ያቆየው የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ከወንዝ ማዶ ባሉ አስቸጋሪ ተራሮች ውስጥ በሚኖሩ የስሜን ሰዎች ላይ ስለመዝመቱ ሲናገር፣ ተራሮቹ ውርጭና በረዶ የማይለያቸው፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበት የሚያሰጥም እንደነበር ይገልጻል፤ እንዲህ ያለውን መሬት ያለ አገር ተወላጅ መሪ ያለፈ ሠራዊት ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴም በሊማሊሞ ሲወጣና ሲወርድ የሚሰፍርባቸውን ቦታዎች የሚመርጠው በውኃው ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ ወጥቷል፤ በ1830ዎቹ ስሜንን ያየው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔልም ዋልያንና ጭላዳን ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀው አካባቢውን በሚያውቁ ሰዎች እየተመራ ነው። በመጽሐፍ ገጽ ላይ የሚታተመው የእንግዳው ስም ሲሆን፣ ውኃው የት እንዳለ የነገረው ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ከነጋዴውና ከእንግዳው ይልቅ ብዙ ሰው ያንቀሳቀሰው ግን ጸሎት ነው። በቱሪዝም ቆጠራ ውስጥ የማይገባ፣ ቢሆንም በመሪ የሚደረግ ጉዞ የሚለውን ትርጉም ሁሉ የሚያሟላ አንድ ልማድ በአካባቢው አለ፤ እርሱም ወደ ጠበልና ወደ ገዳም የሚደረገው ጉዞ ነው። ከደባርቅ በሊማሊሞ ወርዶ በአዲ አርቃይ በኩል ወደ ዋልድባ የሚሄድ ምእመን፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይዞ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ የገዳሙን ሥርዓት አስቀድሞ ተረድቶ ይጓዛል፤ በዋልድባ እህል እንደማይገባና መነኮሳቱ ቋርፍ ከሚባለው የሥራ ሥር ምግብ እንደሚኖሩ የሚነግረው ያው መሪው ነው። ጠበልም የራሱ ሕግ አለው፦ ሰው ሳይቀምስ ይጠመቃል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ሳሙና አያስገባም፣ አይዋኝም። በስሜንና በወገራ ለዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤላውያንም በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ፣ የንጽሕና ሥርዓታቸው የሚፈስ ውኃ ስለሚጠይቅ መንደራቸውን የሚመሠርቱት ከጅረት አጠገብ ነበር። እንግዲህ በዚህ መሬት ላይ አንድ ምንጭ ከውኃነቱ ሌላ ጠበል ሊሆን ይችላል፣ የመንጻት ስፍራ የነበረ ሊሆን ይችላል፣ የሰው መጠጫ ወይም የከብት ማጠጫ ሊሆን ይችላል፤ ከአንዱ በቀር ለዋና የተፈቀደ የለም ለማለት ይቻላል፣ እርሱም ከከብቱ በታች ያለው ነው።

የመሪው ዕውቀት እዚህ ላይ ይፈተናል። ልብስ አውልቆ ገንዳ ውስጥ የዘለለ እንግዳ፣ ውኃው ከበታች ቀድተው ለሚጠጡ ሰዎች ወይም ለሚጠመቁ ሕሙማን የሚደርስ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም፤ መሪው ግን የማወቅ ግዴታ አለበት። በጎንደር የፋሲል መዋኛ እየተባለ የሚጠራውና በጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በሚመጣ ውኃ የሚሞላው ገንዳ ለጎብኚው የተሳሳተ ግምት ሳይሰጥ አይቀርም፤ በዚያ ወጣቱ ከነልብሱ እየዘለለ ሲገባ ያየ ሰው ሌላውም ውኃ እንዲሁ ክፍት ይመስለዋል። የፋሲል ገንዳ ግን በሰው እጅ የታነጸ፣ በዓመት አንድ ቀን ተባርኮ የሚከፈት ሲሆን፣ የተራራው ገንዳ በዓመቱ ሁሉ ባለቤት ያለው ነው።

ከባለቤትነት ቀጥሎ የሚመጣው አደጋ ነው። በክረምት ሰማዩ ጠዋት ጠርቶ ከቀትር በኋላ መዝነቡ የተለመደ በመሆኑ፣ ገንዳው ዳር ፀሐይ እየሞቀ የተቀመጠ ሰው ከሦስት ተራራ ማዶ የወረደው ዶፍ በሸለቆው ተሰብስቦ እስኪመጣበት አያውቅም፤ አገሬው ይህን ደራሽ ይለዋል። ደራሽ ከመድረሱ በፊት ውኃው ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ገለባ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከላይ የድንጋይ መንጓጓት ይሰማል፤ እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ዕቃ መሰብሰብ ሳይሆን ሰውን ወደ ከፍታ ማውጣት ነው። በአማራ አገር ልጆች በቀትር ወንዝ ዳር እንዳይውሉ የሚከለከሉት ቀትር የጋኔን ሰዓት ነው ተብለው ሲሆን፣ ይህን እምነት የሚንቅ የተማረ ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ልጁን ከዝናቡ ሰዓት ቀድሞ ከሸለቆ የሚያወጣ ከልካይ ሁሉ የሚናቅ አይደለም። በአዙሪት፣ ማለትም ውኃ በክብ እየዞረ ወደ ታች በሚስብበት ገንዳ፣ ዋና የሚችልም የማይችልም እኩል ናቸው። ብርዱም ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ድንገት ወደ በረዶ ውኃ የገባ አካል በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሳይፈልግ በኃይል ትንፋሽ ስለሚስብ፣ ጭንቅላቱ በዚያ ቅጽበት ከውኃ በታች ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ዘሎ መግባት ክልክል የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ደጋነቱ የሚያድነው ነገር አለ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ላይ የሚያድግ ሲሆን፣ ብርድ ስለማይስማማው ከ2,200 ሜትር ገደማ በላይ ብዙም አይገኝም፤ በጣና ዳር እግርን ውኃ ውስጥ ማስገባት የሚያሰጋውን ያህል በደባርቅ ከፍታ አያሰጋም። አልቅት ግን አለ፤ ከብት በሚጠጣበት ዝግ ያለ ምንጭ ውስጥ የምትገኘው ትንሿ አልቅት ከውኃ ጋር ገብታ በአፍንጫና በጉሮሮ ላይ ስለምትጣበቅ፣ ውኃን በጨርቅ አጥልሎና አፍልቶ መጠጣት ይገባል። ማፍላቱም ቢሆን በከፍታ ላይ ሌላ ጠባይ አለው፤ በግጭ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው። ለመጠጥ ይህ በቂ ነው፣ ለባቄላ ግን አይበቃም፤ እንግዳውን ሊያስደስት ንፍሮ የጣደ ወጥ ቤት እስከ እኩለ ሌሊት እሳት ሲያነድ ያድራል። በቅሎ ነጂዎቹ በሶ የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገብሱ እቤት ተቆልቶ ስለተፈጨ ተራራው ላይ ጥቂት ውኃና ጨው እንጂ እሳት አይጠይቅም።

አየሩም ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር በግጭ ላይ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ የሚከብድ በመሆኑ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የታወቀ ምክር ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅም ከዚያው ጋር ተቀራራቢ መሆናቸው መንገደኛውን ሳያስጨንቁ ደረጃ በደረጃ የሚያወጡ ናቸው። በመኪና ጠዋት ከጎንደር ተነሥቶ ቀትር ላይ ጨነቅ የሚደርስ እንግዳ ግን ይህን ደረጃ ይዘልላል፣ ማታ ራሱን ሲያመውም ጥፋቱን በምግቡ ላይ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ዛሬ የሚሠራው በአንድ ተቋም ጥላ ሥር ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ፤ የዋልያ ቁጥር በመመናመኑና የሰው ጫና በመጨመሩ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ስፋቱ ዛሬ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጎብኚው ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያውን ከፍሎ ከስካውት፣ ማለትም ጠመንጃ ከሚይዝ የፓርክ ጠባቂ ጋር ይነሣል፤ አስጎብኚው፣ ወጥ ቤቱና በቅሎ ነጂው ደግሞ በየማኅበራቸው ተራ ጠብቀው ይመደባሉ። ተራው ፍትሐዊ ነው፣ ገቢን ለብዙ ቤት ያካፍላል። ይሁን እንጂ ተራ የደረሰው ሰው ሁሉ የሚሄድበትን ሸለቆ ያውቃል ማለት ስላልሆነ፣ ጎብኚው ያለ ጥያቄ የሚያገኘው መደበኛውን መንገድ፣ ያውም ከአፋፍ አፋፍ የሚሄደውንና ጭላዳን፣ ዋልያን፣ ከቀናም ቀይ ቀበሮን የሚያሳየውን ነው። ውኃው በዚህ መንገድ ላይ የሩቅ ትዕይንት ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊነሣ የሚገባው የግጭ ነዋሪዎች ጉዳይ ነው። ከፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር 418 አባወራዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደርጓል፤ ይህም ጓሳው እንዲያገግም፣ ዋልያውም እንዲሰፋበት የታሰበ ውሳኔ ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱን ምንጭ ስም፣ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ከየትኛው ዋሻ ሥር ዝናብ ማሳለፍ እንደሚቻል የሚያውቀው እረኛ ነው፤ ያ እረኛ ደባርቅ ገብቶ ሌላ ኑሮ ሲጀምር ዕውቀቱ አብሮት ወረደ። እነዚህን ሰዎች በአስጎብኚነት ሥልጠና ውስጥ በአስተማሪነት ማስቀመጥ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነበር፤ አሁንም ቢሆን ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ሊደረግ የሚችል ነው።

ዳባትን በተመለከተ ነገሩ ሌላ ነው። ከጎንደር በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ከደባርቅ ደግሞ አንድ ሰዓት በማይሞላ የመኪና ጉዞ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ከጣሊያን ወረራ በፊት የደጃዝማች አያሌው ብሩ መቀመጫ የነበረች ስትሆን፣ የጤና ተመራማሪዎችም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና የሕዝብ ነክ ክትትል ጣቢያ ያውቋታል፤ ጎብኚ ግን በመስኮት ብቻ ያያታል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በትግራይ የተቀሰቀሰው ጦርነት እስከ ወረዳዋ ደርሶ በጭና መንደር ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጀምሮ የሳሳው የውጭ ጎብኚም ከዚያ በኋላ፣ በተለይ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ አዲስ ግጭት ሲነሣ፣ ይበልጥ ቀነሰ። በውጭ ጎብኚ ላይ ብቻ የቆመ የአስጎብኚነት ሥራ በአንድ የጉዞ ማስጠንቀቂያ እንደሚወድቅ እነዚህ ዓመታት አሳይተዋል።

ሰላም በሚኖርበት ጊዜ ሊሞከር የሚገባው ለአገር ልጅ የተሰናዳ የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበቦች፣ ለጥምቀት ጎንደር የሚመጡ ቤተሰቦች ለስድስት ቀን የእግር ጉዞ ጊዜም ገንዘብም የላቸውም፣ ለአንድ ፏፏቴና ለአንድ ዋሻ ግን አላቸው። ለዚህ የሚሆነው ከፓርኩ ውጭ ያለው ግርጌ ነው፤ የወገራ ደጋ ወደ ቆላ በሚሰበርበት ጠርዝ ላይ ጅረት ባለበት ሁሉ ከላይ የተገለጸው ሥራ፣ ጥቁሩ ክፈፍ፣ ቀዩ ንብብርና ከሥሩ ያለው ገንዳ፣ በትንሹ ይገኛል። ወቅቱም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው፤ አደይ አበባ ሜዳውን የሸፈነበት፣ ውኃው ገና ያልሳሳበት፣ ደራሹ ግን ያለፈበት። መነሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፣ ከረፋዱ በኋላ ከቆላ የሚወጣው ጉም ገደሉን ይሸፍነዋልና።

የሚያስቸግረው ክፍያው ነው። በፓርኩ ውስጥ ማን እንደሚያስከፍል ግልጽ ሲሆን፣ በግርጌው ግን ምንጩ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ መንገዱ የገብስ ማሳ ያለው ገበሬ፣ ገንዳው ከብት የሚያጠጣው መንደር፣ አስጎብኚው ደግሞ የከተማው ማኅበር ነው። እነዚህ አራቱ ተቀምጠው ሳይስማሙ የተጀመረ ጉዞ ገብሱ በተረገጠ ዕለት ይቆማል፤ ከተስማሙም በኋላ ስምምነቱ ገበሬው እርሻውን በሚያፈራርቅበት በየዓመቱ እንደገና መታየት ይኖርበታል። ወረዳዎቹ ከመንገድ ጠረጋና ከምልክት ሰሌዳ በፊት ይህን ንግግር ቢያስቀድሙ ይሻላል፣ ንግግሩም ምንጩ ከበዛበት ከጥቅምት ይልቅ ውኃ በሚያጥርበትና የእያንዳንዱ ምንጭ ባለቤት ማን እንደሆነ በግልጽ በሚታወቅበት በግንቦት ወር ቢደረግ።